ለሁዳዴ ከቤት የወጣው ፍሪጅ

አስራትዬ፣

እንዴት ሰነበትክ አልልህም፤ ባለህበት መሰንበት የሚባል ነገር ያለ አይመስለኝም። እኛ ግን አለን። ከሄድክ ወዲህ አርባህ ወጣ፣ መንፈቅህ ወጣ፣ ይኸው ሁዳዴም ገብቶ ተጋመሰ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ለቅሶ እየቀደመኝ ነው። ዛሬ ግን ለቅሶ የለም። ዛሬ ተናድጃለሁ። ስናደድ ደግሞ የምነግረው አንተን ነበር፤ አሁንም ከአንተ ሌላ ሰው አላገኘሁም።

የተናደድኩት በእናትህ ነው። ቆይ፣ ፊትህን አታጥቁርብኝ፤ እስከ መጨረሻው ስማኝና ትፈርዳለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሚኒባስህ ሌላ ሰው እጅ ገብታ በሺሺንዳ መስመር ትሠራለች። የኋላ መስታወቷ ላይ የለጠፍከውን «ቀስ ብለህ ድረስ» የሚለውን ጽሑፍ አልፋቁትም፤ መናኸሪያ ሳያት ፊቴን አዞራለሁ። በሩ አጠገብ የተከልከው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ። ያን ሁሉ ዓመት መካን እያልክ ስትሰድበው ኖረህ፣ አንተ እስክትሄድ ጠብቆ! ጣሪያው በማድ ቤቱ በኩል ያፈስሳል። እናትህ ወደ አገራቸው ወደ ማንኪራ አልተመለሱም። እህቶችህ ተራ በተራ መጥተው ለምነዋቸው ነበር፤ ልጄ የወጣበትን ቤት ጥዬ የትም አልሄድም ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ እኔና እሳቸው አለን፤ ሁለት ሴት፣ አንድ ቤት፣ ግማሽ ቋንቋ።

የሳቸው አማርኛ ከገበያ አያልፍም፣ የእኔ ካፊኖኖ ከሰላምታ አይዘልም። አንተ እያለህ እኮ የምንግባባ ይመስለኝ ነበር። ምሳ ላይ እሳቸው አንድ ነገር ይላሉ፣ አንተ ትስቅና ወደ እኔ ታዞረዋለህ፣ እኔ እመልሳለሁ፣ አንተ ደግሞ ወደሳቸው ትመልሰዋለህ። ለካ ሁለታችንም የምንግባባው ከአንተ ጋር ነበር! አሁን ጨው ለመጠየቅ እንኳ በእጅ ነው። ነገሩ ከጨው ሲያልፍ እትዬ ወርቄን ከጎረቤት እንጠራለን። እትዬ ወርቄን ደግሞ ታውቃቸዋለህ፤ አንድ ነገር ለማስተርጎም መጀመሪያ የሰፈሩን ዜና ሙሉውን መስማት ግድ ነው።

እንግዲህ ወደ ንዴቴ። ሥራዬን ታውቀዋለህ። ታውቀዋለህ ልበል? በትዳራችን ሁሉ ስነግርህ «አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» እያልክ ስትስቅብኝ ነው የኖርከው። በል ለመጨረሻ ጊዜ ልድገምልህ። የበሬ ጉበት ቆራርጬ ሳሙና መሰል ፈሳሽ ውስጥ ለቀናት አጥበዋለሁ። ደሙ ይወጣል፣ ሕይወት የነበራቸው ሴሎች ይወጣሉ፣ የሚቀረው ሴሎቹን ደግፎ ይዞ የኖረው ነጭ ድር ብቻ ነው። ያ ድር ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ይሟሟል፣ ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል። ባዮኢንክ የምንለው እሱን ነው፤ የሚታተም ቀለም በለው። ሲቀዘቅዝ ይፈስሳል፣ የሰው ገላ ያህል ሲሞቅ ይረጋል። ማሽን በመርፌ እየጨመቀ መስመር በመስመር ይደራርበዋል። አንድ ቀን፣ እኔ ኖሬ አየው እንደሆነ እንጃ፣ የሰው ሴል ተቀላቅሎበት የጉበት ቁራጭ ይሆናል። ቁራጭ ነው ያልኩት! ሰው ሁሉ ሙሉ ጉበት መቼ ነው የምታትሚው ይለኛል፤ እኔ ገና አንዲት ፍርግርግ ሳትፈርስ እንድትቆምልኝ ነው የምለምነው።

የምሠራበትን የምርምር ቢሮማ አትጠይቀኝ። ካፋ ተቀምጠሽ ቡና ትተሽ ጉበት? ይሉኛል። ቡናው ላይ ስንቱ ተኮልኩሏል፤ ጉበቱ ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔንም አላስቀምጥ አሉኝ። ባለፈው አንዱ ኃላፊ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ባለቤቷን በጉበት በሽታ አጥታ ለዚህ ምርምር ተነሣሣች» ብሎ አስተዋወቀኝ። ደሜ ፈላ። ባሌ የሞተው በወባ ነው፣ ሥራውንም የጀመርኩት እሱ ሳይሞት ነው አልኩና ተቀመጥኩ። ኧረ እንዴት ያለ ጉድ ነው! ሞትህን እንኳ ለሪፖርት እንዲያምር አስተካክለው ሊጽፉት!

የላብራቶሪው ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ እኔ ደከምኩ እንጂ እሱ አልተሠራም። ስለዚህ የታጠበው ጉበት፣ ያ ነጩ፣ በፌስታል በፌስታል ሆኖ የሚቀመጠው እኛው ቤት፣ የፍሪጃችን በረዶ ቤት ውስጥ፣ ራስህ በለቀቅህልኝ በታችኛው መሳቢያ ነበር። ይጠራቀምና ጅማ ይዤው እሄዳለሁ፤ የማድረቂያውም የማተሚያውም ማሽን ያለው እዚያ ነው።

እናትህ ከጾም በፊት ቤቱን እንዴት እንደሚያጸዱ አንተ ታውቃለህ። የሥጋ ድስቱ በአመድ ይፈተጋል፣ ቢላው ይታጠባል፣ ፍሪጁ ባዶ ይሆናል፤ ሥጋና ቅባት የሆነ ሁሉ ወይ ይበላል ወይ ለሰው ይሰጣል። አንተ በየዓመቱ ቅበላ እሑድ ፍሪጁ ፊት ትቆምና በካፊኖኖ አንድ ነገር ትላቸዋለህ፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ መሳቢያዬ ይታለፋል። ምን እንደምትላቸው ጠይቄህ አላውቅም። የትምህርት ቤት ዕቃ ነው፣ አትንኩባት የምትላቸው ይመስለኝ ነበር።

ዘንድሮ ፍሪጁ ፊት የቆመ የለም። እኔም አላሰብኩትም፤ አንተ የሌለህበት የመጀመሪያው ቅበላ ስለሆነብኝ ተከናንቤ ተኝቼ ነው የዋልኩት። ሰኞ ከሥራ ተመልሼ መሳቢያውን ስስበው ባዶ ነው። ባዶ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ በሎሚ ታሽቶ ሽታው ሁሉ ጠፍቷል!

ጮህኩ። እናትህ ላይ ጮህኩ፣ አስራት። ስንት ወር የለፋሁበት ነው፣ ማን ንኩት አላችሁ፣ ምን አደረጋችሁት እያልኩ በአማርኛ ጮህኩ፤ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ጓሮውን በጣታቸው ያሳዩኛል። የማስበው ውሻውን ነው። እትዬ ወርቄ ጩኸቴን ሰምተው፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ያለ ወሬ፣ ሮጠው መጡ። ውሻ አልበላውም። እናትህ ፌስታሉን አንድ በአንድ ፈትተው ጓሮ እንሰቱ ሥር ቆፍረው ቀብረውታል። የዘንድሮውን ጾም የምጾመው ለልጄ ነፍስ ነው፣ ቤቱ ንጹሕ ይሁን ብዬ ነው አሉ።

እስቲ ፍረድ። በክፋት አድርገውት ቢሆን እንጣላ ነበር፣ ይወጣልኝ ነበር። ለአንተ ብለው ነው ያደረጉት! ንዴቴ የሚያርፍበት ቦታ አጣ። እሳቸውን እንዳልቆጣ ያንተ ጾም ነው፣ ዝም እንዳልል የእኔ ሥራ ነው። አንተንም ተቆጣሁ፤ ያን ሁሉ ዓመት ስታስተረጉም ኖረህ፣ አንዲት ነገር እንኳ ሳታስተምረን በመሄድህ።

ቁጣዬ የበዛው ለምን እንደሆነ ደግሞ ልንገርህ። የጅማዋ ማተሚያ፣ ያቺ የበረዶ ሳጥኔን ከጋቢናው ወንበር ሥር ሸጉጠህ ስታደርሰኝ ስሟን «ጣውንትሽ» ያልካት፣ ከፋሲካ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው። ከመሄዷ በፊት የእኔ ቀለም ሳይፈርስ ቆሞ ከታየ ሥራዬም አብሯት ይሄዳል፤ የጅማዎቹ አብረን እንቀጥል ብለውኛል። ካልቆመ ግን በቃ፤ ማጠቡን እኔ እዚህ አጥባለሁ፣ የሚያትምልኝ የለም። ለዚያ ቀን ያስቀመጥኩትን ነው እናትህ የቀበሩት።

ጉበት በምን ጊዜ ልተካ? ሁዳዴ ገብቷል። ሥጋ ቤቶቹ በራቸውን ዘግተዋል። የቀሩት መስጊዱ አጠገብ ያሉት ጋሽ ኑሩ ናቸው፤ ሮመዳን ስለሆነ ለማፍጠሪያ ያርዳሉ። ሄድኩ። አስበው እንግዲህ፤ ጥቁር ለብሼ፣ በሁዳዴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሙስሊም ሥጋ ቤት በር ላይ! ጋሽ ኑሩ ራሳቸው ደነገጡ። ልጄ፣ እናንተ ጾም ላይ አይደላችሁም እንዴ አሉኝ። ለመብላት አይደለም ብዬ ነገሩን ሳስረዳቸው ትክ ብለው አዩኝና፣ አንተ ስታወራላቸው የነበረችው ሚስት እኔ እንደሆንኩ ገባቸው። ለካ አንተ የማትነግረው ሰው አልነበረም። ትኩሱን ጉበት ለብቻው አስቀምጥልሻለሁ፣ አንቺ ብቻ በጧት ነይ አሉኝ።

ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ባሏን ቀብራ ዓመት ሳይሞላት ጾም ሻረች፣ ያውም በእስላም ሥጋ። ይኼን ያሉት ለእኔ አይደለም፤ ለእናትህ ነው፤ ከቅዳሴ ሲወጡ፣ አዛኝ መስለው። እናትህ ወደ ቤት ሲገቡ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። ማታ እትዬ ወርቄን አስጠሩና አንድ ነገር ብቻ አስጠየቁኝ፤ ነገም ትሄጂያለሽ ወይ? እሄዳለሁ አልኩ፤ አንድ ጉበት አይበቃኝም። እንግዲህ አለቀልኝ፣ ነገ ጓዛቸውን ጠቅልለው ማንኪራ ይገባሉ፣ ሰዉም አባረረቻቸው ይለኛል ብዬ ተኛሁ። መተኛት ከተባለ።

ጧት ስወጣ እናትህ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆመዋል። ከኋላዬ መጡ። እኔ ስፈጥን እሳቸውም ይፈጥናሉ፣ እኔ ስቆም እሳቸውም ይቆማሉ። ጋሽ ኑሩ ጋ ደረስንና እኔ ገባሁ፤ እናትህ ግን ከሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ፣ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ በሚያያቸው ቦታ ቁጭ አሉ። ቤተ ክርስቲያን ሳሚው ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው። ያለፈው ሁሉ እያየ ይደነግጣል፣ እሳቸው ቀድመው ሰላም ይላሉ፤ በየስሙ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ያቺ ትናንት ያዘነችላቸው ሴትዮ ስታልፍማ ከተቀመጡበት ተነሥተው ነው የሳሟት! ጋሽ ኑሩ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ውሃ አምጡላቸው አሉ፤ እናትህም ጾመኛ፣ እሳቸውም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ መሆናችን ትዝ ሲላቸው በራሳቸው ሣቁ። ሦስት ጾመኛ ማንም የማይበላውን ጉበት ከብበን ቆመናል፤ አንተ ብታየን ኖሮ ዓመት ሙሉ ታወራው ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ጾም ሻሪነቴ ያወራ የለም። ግን እናትህ ተሸነፉ እንዳትል። ጉበቱ ታጥቦ ነጥቶ ሲመጣ ከደጃፉ አላሳለፉትም። ሥጋ ነው፣ ቤት አይገባም፣ በቃ። እኔ ደግሞ በረዶ ያስፈልገኛል። ተፋጠጥን። በመጨረሻ ምን እንዳደረጉ ልንገርህ? የሰፈሩን ጎረምሶች ጠርተው ፍሪጁን ራሱን ከቤት አስወጡት! አሁን ማገዶ ቤት ነው ያለው፣ ገመዱ በመስኮት ወጥቶ፣ ዝናብ እንዳይመታው ላስቲክ ለብሶ፣ ዶሮዎቹ አናቱ ላይ እያደሩበት። መጥቶ ያየ ሁሉ ይሥቃል። ፍሪጃችን ለሁዳዴ ከቤት ወጥቷል፤ ፋሲካ ይገባል።

ባለፈው ሳምንት ጅማ ሄድኩ። የበረዶ ሳጥኑን ታቅፌ በአውቶቡስ፤ ጋቢና የለ፣ ቀልድ የለ፣ «ጣውንትሽን ሰላም በያት» የሚለኝ የለ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ክትባት ነው ወይ እያሉ ጠየቁኝ፣ አዎ ብዬ ገላገልኳቸው። አደረቅን፣ ፈጨን፣ አሟሟን። ባለሙያው መርፌውን ሞላና ማሽኗ መሥራት ጀመረች። አንድ መስመር፣ በላዩ ሌላ መስመር፣ በላዩ ሌላ። ከዚህ በፊት እዚህ ላይ ነበር የሚንጣለለው። አልተንጣለለም። ቆመ፣ አስራት! የጥፍሬን ያህል ፍርግርግ ሆኖ ቆመ። ባለሙያው ሮጦ ስልኩን አምጥቶ ፎቶ አነሣው። ከዚያ ማሽኗ ከፍ ስትል አንደኛው ጥግ ዘመመ፣ ቀጥሎ ሁሉም ቀስ እያለ ተኛ።

ታዲያ ምን አሉኝ መሰለህ? ቆመ እንዳይሉ ወድቋል፣ ወደቀ እንዳይሉ ፎቶው አለ። ይሁንም አላሉኝ፣ አይሁንም አላሉኝ። ፋሲካን አሳልፈሽ ሌላ ይዘሽ አዲስ አበባ ነይና እናያለን አሉኝ። እናያለን! ዕድሜዬን ሙሉ እናያለን ስባል። እምቢ ቢሉኝ ቢያንስ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ከጅማ ቦንጋ ያለውን መንገድ ሁሉ ጥርሴን ነክሼ ነው የመጣሁት።

ቤት ስደርስ እናትህና እትዬ ወርቄ ደጅ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ጫማዬን ሳላወልቅ እናትህ ጠየቁኝ፣ እትዬ ወርቄ አዞሩት፤ «ቤቱ ቆመ ወይ?» የምን ቤት አልኩ። ደግመው ጠየቁ፤ ያ የምታጥቢው ቤት። እትዬ ወርቄም አልገባቸውምና ጠየቋቸው፣ እናትህ ረጅም ነገር ተናገሩ፣ እትዬ ወርቄ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው እያስጠጉ ነገሩኝ።

ለካ በየቅበላው ፍሪጁ ፊት ቆመህ የምትላቸው የትምህርት ቤት ዕቃ አልነበረም። «ይኼ ባለቤቶቹ የወጡበት ቤት ነው፤ ሌላ ሰው ሊገባበት ነውና አታፍርሱባት» ነበር የምትላቸው። ዘንድሮ እናትህ ቅበላ እሑድ ፍሪጁን ከፍተው፣ መሳቢያውን ስበው፣ የሚነግራቸው ሰው ይመጣል ብለው ቆመው ጠብቀዋል። እኔ ተኝቻለሁ። ማንም አልመጣም። ልጄ ከሄደ የሚገባበት ሰው የቀረ መሰለኝ አሉ። የሰው ቤት ደግሞ ለውሻ አይጣልም ብለው ቀበሩት።

አንተ ሰውዬ! ገብቶህ ነበር! ያን ሁሉ ዓመት «አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» እያልክ ምሳዬን ስታቀዘቅዝብኝ፣ እኔ ስብሰባ ለስብሰባ ዞሬ ለአንድ ኃላፊ ማስረዳት ያቃተኝን አንተ በእናትህ ቋንቋ በአንድ ትንፋሽ ጨርሰኸው ነበር። ታዲያ ለእኔ ምነው አልነገርከኝም? ስደግምልህ መስማት ወደህ ነው? እንደዚያ ከሆነ ምን እላለሁ፤ ሌላ ሺህ ጊዜ እደግምልህ ነበር።

ያን ዕለት ለእናትህ ቆሞ ነበር፣ ኋላ ዘመመ አልኳቸው። እንግዲያው ምሰሶው ቀጥኖ ነው፣ ታጠነክሪዋለሽ አሉ፤ ተነሥተውም ዶሮዎቹን ከፍሪጁ ላይ ሊያወርዱ ሄዱ። ነገ ጋሽ ኑሩ ጋ እሄዳለሁ። ንዴቴ አልበረደም፣ አይበርድምም። ከአዲስ አበባ እምቢ ሊሉኝ ይችላሉ፣ የላብራቶሪው ማቀዝቀዣም እንደማይሠራ አውቃለሁ።

ግን አንድ ቃል ልስጥህ። እረሳሃለሁ ብለህ አትስጋ፤ የሥራ ድርሻህን ተረክቤያለሁ። እትዬ ወርቄ ያንን ያንተን ንግግር በካፊኖኖ እያስጠኑኝ ነው። አፌ አልታዘዝ ይለኛል፣ እናትህ እየሣቁ ያርሙኛል፤ ከቀበርንህ ወዲህ ሲሥቁ የሰማሁት በእሱ ነው። በሚመጣው ቅበላ እሑድ አልተኛም። ፍሪጁ ፊት፣ አንተ ስትቆምበት በነበረው ቦታ ቆሜ፣ ከዓመት ዓመትም እስካለሁ ድረስ፣ ለእናትህ በራሳቸው ቋንቋ እላቸዋለሁ፤ ባለቤቱ የወጣበት ቤት ነው፣ ሰው ይገባበታልና አታፍርሱት።

ያንተው ሰብለ
ቦንጋ